ከአሥራ ሁለቱ ብርጭቆዎች አንዱ

ቀጋ ሬስቶራንት ሥራ የጀመርኩ ቀን የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺ መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነው።

«ኮምቦልቻ በዚህ ጫማ ነው ስታስተናግድ የኖርከው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ባለ ሆቴል አራት ዓመት ለከባድ መኪና ሹፌሮች ቢራና ጥብስ ሳመላልስ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ያየ ሰው አልነበረም።

«እዚህ ያያሉ» አሉና ብሩሽና ቀለም አስመጡልኝ። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ሥራዬ የራሴን ጫማ መጥረግ ሆነ። ሁለተኛው ሥራዬ ስልሳ ብርጭቆ በነጭ ጨርቅ መወልወል ነበር። አንዱን ብርጭቆ በብርሃን አንሥተው አዩና የጣቴን አሻራ አሳዩኝ። ስልሳውንም እንደገና ወለወልኳቸው።

ቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የእትዬ የሺ ወላጆች የኖሩበት ግቢ ነው። ከተማዋ ከጦርነቱ ክፉ ጊዜ ወጥታ ሱቆች እንደገና መስታወት የገጠሙበት ዓመት ነበር። እትዬ የሺ ትላልቅ ሆቴሎች ውስጥ ረጅም ዘመን የሠሩ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ የወላጆቻቸውን ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት አፍርሰው አንድ አዳራሽ አደረጉት። አሥራ አንድ ጠረጴዛ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አንድ ገጽ የምግብ ዝርዝር፣ በስተግራ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ። ሰፈርተኛው መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ አይቶ ይመለስ ነበር። በኋላ የልደትና የምርቃት ምሳ ሁሉ እኛ ጋ ሆነ።

የቤቱን ሕግ የነገረችኝ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አስተናጋጅ ሆና ስትሠራ ቆይታለች። ወደ ጓሮ ወስዳ ሁለት ወጥ ቤት አሳየችኝ። አንዱ የሙስሊም፣ አንዱ የክርስቲያን። ድስቱ ለየብቻ፣ ቢላው ለየብቻ፣ መክተፊያው ለየብቻ፣ ሥጋው የሚገባበት በር እንኳ ለየብቻ ነው። የሙስሊሙ ወጥ ቤት ሳህን ዳሩ አረንጓዴ ነው፤ የክርስቲያኑ ሰማያዊ።

«አረንጓዴውን ሳህን ሰማያዊው መደርደሪያ ላይ ካገኙት እትዬ የሺ ያባርሩሃል» አለችኝ። «ወላሂ አልቀልድም። አንዱን አባረውታል።»

በስድስት ወር ከረዳት አስተናጋጅነት ወደ አስተናጋጅነት አደግኩ። በዓመቱ ጋሽ ተፈራ ወደ ባንኮኒው ጠሩኝ።

ጋሽ ተፈራ የባሩ ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ የኖሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መለኪያ ሳይዙ አንዲት ጠብታ የማይቀዱ ሰው። ረዳታቸው አዲስ አበባ ሄዶባቸው ምትክ ይፈልጉ ነበር።

«እጅህ አይንቀጠቀጥም፤ አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም ጋሼ። ቤተሰቦቼ ጴንጤ ናቸው። ቀምሼም አላውቅም።»

«ቀምሰህ የማታውቀውን እንዴት ልትሠራው ነው?»

እሳቸው መልስ አልጠበቁም። በማግስቱ አምስት ብርጭቆ ውሃ ደረደሩ፤ በአንዱ ጥቂት ጠብታ ጂን ጨምረውበታል። ዓይኔን በናፕኪን አስረው «ሳትቀምስ አሽትተህ ንገረኝ፤ የቱ ነው?» አሉኝ። ሳትኩ። በነጋታውም ሳትኩ። ሳምንት ሲሆነኝ መሳት ቆመ። ከዚያ ውሃው በብርቱካን ጭማቂ ተተካ፤ ቀጥሎ በዝንጅብል። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ይፈትኑኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ ማሰሮ የማንጎ ጭማቂ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቮድካ ጠብ ቢል የማውቅ ሆንኩ። ይህንን ስናገር አላጋንንም። ብዙ ቀማሽ ባርማን አይቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ምላሱ ይደክምበታል። አፍንጫዬ ግን ማታ ላይም ያው ነው።

የቀረው ሥራ ልኬት ነው። ሃያ ሚሊ፣ አርባ ሚሊ፣ የሎሚው ጭማቂ ከስኳሩ ሽሮፕ ጋር እኩል። መጠጡ የሚቀላቀልበትን ሼከር እስከ አሥራ አምስት ቆጥሮ መምታት። በረዶውን ከመጠጡ በፊት ሳይሆን መጨረሻ ላይ ማድረግ፣ አለበለዚያ ቀልጦ ያቀጥነዋል። ጋሽ ተፈራ እነዚህን በቃል አስጠኑኝ፤ ዛሬም እንደ ቁጥር እላቸዋለሁ።

አንድ እሁድ ኮምቦልቻ ቤተሰቦቼ ዘንድ ወርጄ ከቸርች በኋላ ምሳ በላን። አባቴ የአጥቢያችን ሽማግሌ ነው። እናቴ ተነሥታ እስክትሄድ ጠብቆ፣

«አንተ አትጠጣም» አለኝ። «ሰው ግን ታጠጣለህ።»

«ከምሠራው ግማሹ አልኮል የለውም አባዬ።»

«ግማሹስ?»

አባቴ ከዚያ በኋላ ነገሩን ዳግም አላነሣውም። ሥራዬን አልተውኩም፤ ደስ እያለኝ የምሠራው ሥራ ነበር። ግን ደሴ ስመለስ አንድ ነገር ወሰንኩ። በዝርዝሩ ላይ ላለው እያንዳንዱ ኮክቴል አልኮል የሌለው ወንድም እሠራለታለሁ አልኩ። ጣዕሙ እንዳያንስ፣ መልኩ እንዳያንስ፣ የያዘው ሰው ከጎረቤቱ ያነሰ ነገር እንደያዘ እንዳይሰማው።

ዝና ያተረፈልን የቤቱን ስም የያዘው መጠጥ ነው። ቀጋ ከዝናቡ በኋላ በየአጥሩ የሚቀላ ፍሬ ነው፤ ከኩታበር የሚመጡ ሴቶች በሰፌድ ገበያ ያወጡታል። ውስጡ ጉሮሮ የሚያሳክክ ጸጉር ስላለው ሰው ልጣጩን ብቻ ነክሶ ይጥለዋል። እኔ ቀቀልኩት፤ በቀጭን ነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጠለልኩት፤ በስኳር አፍልቼ ሽሮፕ አደረግኩት። ሎሚ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ከላይ ጋዝ ውሃ። ቀለሙ ሲመሽ የሚቀላ ሰማይ ይመስላል። አንዱ በጂን፣ ሌላው ያለ ጂን፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ረጅም ብርጭቆ። መለያቸው ጌጡ ብቻ ነበር። ጂን ያለበት የብርቱካን ልጣጭ፣ የሌለበት የናና ቅጠል።

ጋሽ ተፈራ ቀመሱት። «እኔ ልሠራው የማልችለውን ሠራህ» አሉ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡና እትዬ የሺ የባር ኃላፊ አደረጉኝ። ደረቴ ላይ ስሜ ያለበት ጥቁር ሽርጥ ታጠቅኩ።

አንድ ረቡዕ አቶ እንድሪስ መጡ። አቶ እንድሪስ ደሴ ውስጥ የታወቁ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቀጋ ያለ ጂን ከሚወዱት ደንበኞቻችን አንዱ። ያን ቀን ወደ ጠረጴዛ አልሄዱም፤ በቀጥታ ወደ ባንኮኒው መጡ።

«ቅዳሜ ምሳ ለአሥራ ሁለት ሰው አዘጋጁልኝ» አሉ። «ሴት ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከኩታበር ይመጣሉ። የልጁ አያት ሐጂ ይማም ራሳቸው ይመጣሉ። ገበሬዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቤት ገብተው አያውቁም። ቤቴ ላድርገው ብል ይቻል ነበር፤ ግን ላከብራቸው ፈለግሁ።»

«መርሐባ፣ እናከብራቸዋለን» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከመካከላቸው ሸኽ ሙሄ የሚባሉ የልጁ አጎት አሉ። መጠጥ የሚሸጥበት ቤት አልገባም ብለው ነበር። ወጥ ቤቱ የተለየ ነው ብዬ፣ እኔ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ ብዬ ነው ያሳመንኳቸው። አደራ።»

«እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው» አልኳቸው። እጄን ዘርግቼ ጨበጥኳቸው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ገቡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ሐጂ ይማም ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሳያሳርፉ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ሸኽ ሙሄ ከኋላቸው ናቸው፤ ገና ከበሩ ባንኮኒው ጀርባ ያሉትን ጠርሙሶች አዩና ፊታቸውን አዞሩ። ሰዓዳ «አሰላሙ ዐለይኩም አባቶቼ» ብላ ተቀበለቻቸውና ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። አቶ እንድሪስ በክብር ቦታው ሐጂን አስቀምጠው እሳቸው ዳር ተቀመጡ።

በዚያው ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ሦስት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሦስት ቀጋ በጂን አዘዙ። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀጋ ያለ ጂን።

ናና አልነበረኝም። ያመጣልኝ የነበረው ሰው ያን ቀን ቀረ። ሰው ልኬ ማስገዛት እችል ነበር፤ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። አልላክሁም። በራሴ እተማመን ነበር። አሥራ ሁለቱ በትልቁ ትሪ፣ ሦስቱ በትንሹ ትሪ ናቸው፤ ምን ሊያምታታኝ ይችላል? አልኩ። በአሥራ አምስቱም ላይ የብርቱካን ልጣጭ አደረግሁ።

ሰዓዳ ትልቁን ትሪ ልታነሣ ስትል ከብርጭቆዎቹ አንዱ አፉ ላይ ሸረፍ ብሎ አየሁ። የተሸረፈ ብርጭቆ ለሽማግሌ አይቀርብም። አወጣሁት። ቅርቤ ያለውን ብርጭቆ አንሥቼ በቦታው አስገባሁ። «ውሰጂ» አልኳት። ወሰደች። ከዚያ ትንሹ ትሪ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ሆኖ አየሁ፤ አንድ ቀጋ ሠራሁና ሞላሁት። እጄ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ጂን ሲሠራ ስለዋለ ያንንም ያለ ጂን ሠራው። ይህ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። መሳሳቴን ግን አላስተዋልኩም።

ሐጂ ይማም መጠጡ ሲቀርብ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሁሉም ዘረጋ። የወሎ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርግ አይቸኩልም፤ ለልጆቹ፣ ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው ይለምናል። በእያንዳንዱ ላይ «አሚን» ይባላል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሌላው እንግዳም ማንኪያውን አስቀመጠ።

ሰዓዳ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወደ እኔ መጣች። አንድ ብርጭቆ ይዛለች።

«መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ የእኔ ጂን የለውም ይላል» አለች በሹክሹክታ። «የልጆች ጭማቂ ነው የሰጣችሁኝ ብሎ እየሳቀ ነው።»

ብርጭቆውን አሸተትኩ። የለውም። የተሸረፈው ብርጭቆ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል፤ እሱንም አሸተትኩ። የለውም። በዚያች ሰከንድ ሁሉም ገባኝ። ሰዓዳ ፊቴን አይታ እሷም ገባት።

«ያ ረቢ» አለች። «የማን ጋ ነው ያለው?»

«አላውቅም።»

እትዬ የሺ ካሸሯ አጠገብ ቆመዋል። ሮጬ አልሄድኩም፤ ሰው እንዳያይ ተራምጄ ሄድኩና በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ግን መላ አገኙ፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ፈጣን ናቸው።

«በረዶው ቀልጧል፣ እንቀይርላችሁ በልና ሁሉንም አንሣ። ደፍተህ አዲስ ሥራ። ማንም አልጠጣ፣ ማንም አልተጎዳ።»

«እሺ» አልኩ።

እውነቱን ልናገር፤ መላው መጥፎ መላ አልነበረም። ያንኑ ላደርግ ነው ትሪውን ይዤ የሄድኩት። ዱዓው እያለቀ ነበር። ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ። አንድ ሁለቱ እጃቸውን ወደ ብርጭቆ ሰደዱ። አቶ እንድሪስ አዩኝና ፈገግ አሉ፤ ለበለጠ መስተንግዶ የመጣሁ መስሏቸዋል።

«ይቅርታ አባቶች፣ ከመጠጣታችሁ በፊት ብርጭቆዎቹን ላንሣ» አልኩ።

ሐጂ ይማም ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ? ምን ሆነ?»

በረዶው የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። በረዶው ግን አልቀለጠም፤ እሳቸው ፊት ያለው ብርጭቆ ውስጥ ጠርዙ እንኳ ሳይሟሟ ይታያል። ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ ወርዶ ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል ማውጣት አቃተኝ።

«ከእነዚህ ብርጭቆዎች በአንዱ አልኮል ገብቶበታል ሐጂ። ስህተቱ የእኔ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

ወደ ብርጭቆ የተዘረጉት እጆች ተሰበሰቡ። አቶ እንድሪስ ፊታቸው ደም የሸሸው መሰለ፤ እሳቸውን ማየት አልቻልኩም። ሸኽ ሙሄ ወንበራቸውን ወደኋላ ገፍተው ተነሡ።

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ያ ይበልጥ ከበደኝ። «መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ነው አላልኩም? ተነሡ እንሂድ።»

ሁለት ሰዎች ከእሳቸው ጋር ተነሡ። አቶ እንድሪስ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀርተዋል። የልጃቸው ጉዳይ እኔ ባጠፋሁት ጥፋት ሊፈርስ መሆኑን ከእሳቸው እኩል አውቄዋለሁ።

ሐጂ ይማም አልተነሡም። «ቆይ ሙሄ» አሉ፤ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ትጠጣለህ?» አሉኝ።

«አልጠጣም ሐጂ። ቀምሼ አላውቅም።»

«አልኮል ያለውን ከሌለው በምን ትለየዋለህ ታዲያ?»

«በማሽተት።»

«እስቲ ለይተህ አሳየና።»

ትሪውን አስቀምጬ ከጠረጴዛው ጫፍ ጀመርኩ። ብርጭቆውን ከእንግዳው ፊት አነሣለሁ፣ አሸታለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አዳራሹ ሁሉ ያየኛል፤ መስኮቱ ጋ ያሉት ሦስቱም ሳቃቸው ቆሟል። አፍንጫዬ ግን ሥራውን ያውቃል። ቀጋ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል። ቀጋ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል። ስምንተኛው ላይ ሌላ ነገር ሸተተኝ። ቆምኩ። አንድ ጊዜ ደግሜ አሸተትኩ። የጽድ ቅጠል የሚመስለው የጂን ሽታ ነው። ብርጭቆው የተቀመጠው በተነሡት በሸኽ ሙሄ ቦታ ላይ ነበር።

«ይኸው» አልኩ።

የቀሩትን አራቱንም አሸተትኩ፤ ንጹሕ ናቸው። ሰዓዳ ስምንተኛውን ተቀበለችኝና ይዛ ወጣች። ሸኽ ሙሄ የነበሩበትን ቦታ ያዩታል እንጂ እኔን አያዩኝም።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ ይማም፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣ «ሙሄ፣ ልጁ ባይናገር ኖሮ ጠጥተኸው ነበር። ተናገረ፤ አልጠጣኸውም። ቁጭ በል።»

ሸኽ ሙሄ ወንበራቸውን መልሰው ሳቡ። ከዚያ ተቀመጡ። የተነሡት ሁለቱም ተቀመጡ።

ይሁን እንጂ ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ሐጂ ብርጭቆዎቹ በሙሉ እንዲነሡ ጠየቁ፤ ከባንኮኒው የመጣ አንድም ነገር አልጠጡም። የታሸገ ውሃ አቀረብን። ምግቡን ግን በሉ፤ ሰዓዳ ሁለት ሰዎችን ወስዳ ወጥ ቤቱን አሳየች፤ አረንጓዴ ሳህኖቹን ቆጠሩ። አቶ እንድሪስ ሲወጡ ሰላም አላሉኝም።

እንግዶቹ እንደ ሄዱ እትዬ የሺ ከጓሮ ጠሩኝ።

«ያልኩህን ለምን አላልክም?»

«ሐጂ ሲጠይቁኝ መዋሸት አቃተኝ።»

«ቤቴን ሰው ፊት አዋረድከው። በአንድ ቃል የሚያልፍ ነገር ነበር።»

«ሰዓዳን አይቆጧት» አልኩ። «እሷ የሰጠኋትን ነው የወሰደችው። ናናውን ያላስገዛሁ እኔ ነኝ።»

«እሷን ማን ተቆጣ?» አሉ። «ሽርጡን አውልቅ። ከነገ ጀምሮ አስተናጋጅ ነህ።»

አወለቅኩ። አልተከራከርኩም። በተናገርኩት አልተጸጸትኩም፤ ባጠፋሁት ግን ቅጣት ይገባኝ ነበር፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሥራ ስድስት ቀን ሳህን ተሸከምኩ። ባንኮኒው ላይ አንድ ጊዜያዊ ሰው ቆመ፤ ሼከሩን እስከ ስድስት እየቆጠረ ይመታ ነበር። ከቅጣቱ ሁሉ የከበደኝ እሱን ማየት ነው።

ማክሰኞ ምሳ ላይ አቶ እንድሪስ መጡ። ቦታ ሳይዙ እኔን ፈልገው ጠሩኝ። እትዬ የሺም ሰምተው መጡ።

«የኒካሁ ቀን ተቆረጠ» አሉ አቶ እንድሪስ። «አልሐምዱሊላህ። ያን ቀን ሲመለሱ መንገድ ላይ ያወሩት ስለ አንተ ነው አሉ። ሐጂ አንድ ነገር ልከውኛል። ያ ቀይ መጠጥ ለሠርጉ ኩታበር ይሠራልን ብለዋል። ግን እኛ ግቢ፣ እኛ ፊት፣ መጠጥ ነክቶት በማያውቅ ዕቃ። ፍሬውንም እኛው እንለቅማለን ብለዋል።»

እትዬ የሺ አዩኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ።

«የሚሠራው አስተናጋጅ ነው ወይስ ባርማን?» አሉ አቶ እንድሪስ፤ ሽርጤ እንደሌለ አስተውለዋል።

«ባርማን ነው» አሉ እትዬ የሺ። በዚህ አለቀ፤ ሌላ ንግግር አልተደረገም።

ከፋብሪካ ማሸጊያቸው ያልወጣ ሁለት ሼከር፣ አዲስ መለኪያ፣ አዲስ ማጥለያ፣ አዲስ ባልዲዎች ገዛን። እኔና ሰዓዳ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድመን ኩታበር ወጣን። የቤቱ ሴቶች ሦስት ማዳበሪያ ቀጋ ለቅመው ጠበቁን። ማሸጊያውን እነሱ ፊት ቀደድን። ሴቶቹ ቀቀሉ፣ እኔ አጠለልኩ፣ ሰዓዳ ለካች። የሰዓዳ እጅ እንዴት እንደሚለካ ያን ቀን አየሁ፤ ከእኔ ይበልጥ ትጠነቀቃለች።

በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ ሐጂ ይማም የመጀመሪያውን ብርጭቆ ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ደግመው ተጎነጩ።

«ይህ አጥራችን ላይ ያለው ቀጋ ነው?» አሉ።

«እሱው ነው ሐጂ።»

«ስንት ዓመት ለፍየል ተውነው!» ብለው ሳቁ። ዳሱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ማዳረስ አቃተን።

ሸኽ ሙሄ ከጥግ ሆነው ስንሠራ ሲያዩን ዋሉ። እሳቸው ጋ ስደርስ አንድ ብርጭቆ ዘረጋሁላቸው። «ውሃ ስጠኝ» አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው። «አላህ ይስጥህ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከእጄ ከውሃ ሌላ ጠጥተው አያውቁም። መብታቸው ነው።

ከኩታበር ስንመለስ ለእትዬ የሺ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ወጥ ቤቱን እስከ ቢላው ድረስ ለሁለት ከፍለን ባንኮኒውን በናና ቅጠል ብቻ መለየታችን ስህተት ነበር አልኳቸው። ሁለተኛ ባንኮኒ በአዳራሹ በስተቀኝ ይሠራ፤ የራሱ ሼከር፣ የራሱ በረዶ ማሽን፣ የራሱ ማጠቢያ ይኑረው፤ አንዲት የአልኮል ጠርሙስ አትቅረበው። ብርጭቆውም ይለይ፤ አልኮል ያለው በአጭር ባለ እግር፣ የሌለው በረጅም ሸንተረር ባለው። አንዱን ከአንዱ ዕውር እንኳ በመዳበስ እንዲለየው። ኃላፊዋ ደግሞ ሰዓዳ ትሁን።

«ሰዓዳ አስተናጋጅ ናት» አሉ።

«እኔም አስተናጋጅ ነበርኩ» አልኳቸው።

ሁለት ጠረጴዛ አንሥተው ባንኮኒውን አሠሩ። ሰዓዳ ዛሬ ሁለት ረዳት አላት። ዕረቡና ዓርብ የእሷ ባንኮኒ ከእኔው ይበልጥ ይሠራል፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት እኔ ሽርጤን ቀይሬ ብርጭቆ አጥባላታለሁ። ከኩታበር የሚመጡ ቤተሰቦች ያለ ቀጠሮ ይገባሉ። የቸርች ጓደኞቼም ይገባሉ፤ አባቴ ግን እስካሁን አልመጣም፤ ሲመጣ ግን የሚቀመጥበት አያጣም።

አሁን አዲስ ሰው ሳሠለጥን ስለ ሼከርና ስለ በረዶ ብዙ አወራለሁ። ከሁሉም በፊት ግን የማስጽፈው ሁለት ነገር ነው። ለሁለት የተለያየ መጠጥ አንድ ዓይነት ብርጭቆ አትጠቀሙ። ስታጠፉ ደግሞ እንግዳው ሳይጠጣ ንገሩት።